የምንጮች ፍሰት ክትትል ከማዕድን ቁፋሮ በፊት ለምን ይጀመራል?

በማዕድን ማውጫ አቅራቢያ የሚኖሩ አርሶ አደሮች ምንጫቸው መድረቁን ለወረዳው ሲያመለክቱ፣ አልሚው ደግሞ ምክንያቱ የዝናብ እጥረት ነው ሲል፣ ውሳኔ ሰጪው አካል በቅድሚያ ሊመለከተው የሚገባ ሰነድ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የተመዘገበው የፍሰት ልኬት ነው። ይህ ሰነድ ከሌለ ዘግይቶ የሚላክ አጥኚ ቡድን እርግጠኛ ምላሽ ለመስጠት ይቸገራል።

ቁፋሮው ከከርሰ ምድር ውኃ ወለል በታች ሲወርድ ሥራው እንዳይስተጓጎል ውኃው በፓምፕ ያለማቋረጥ እንዲወጣ ይደረጋል። በዚህም ሳቢያ በዙሪያው ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ዝቅ ስለሚል ከእርሱ የሚመነጩ ምንጮች ይቀንሳሉ፤ አንዳንዶቹም ይነጥፋሉ። የወጣው ውኃ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ግን የወንዙ ፍሰት በአንጻሩ ሊጨምር ስለሚችል ወንዙን ብቻ መለካት አሳሳች ነው።

ልኬቱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በ40 ሰከንድ ከሞላ የምንጩ ፍሰት በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው። መጠኑ አነስተኛ ቢመስልም በቀን 43 ሺህ 200 ሊትር ይሆናል፤ ይህም በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር በተቀመጠው በነፍስ ወከፍ 25 ሊትር ስሌት ከ1 ሺህ 700 በላይ ሰዎችን ያዳርሳል።

በአነስተኛ ጅረቶች ላይ ደግሞ በ90 ዲግሪ የሦስት ማዕዘን ቅርጽ የተቆረጠ ሳንቃ ይተከላል። ከቁርጡ ጫፍ በላይ ያለው የውኃ ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ፍሰቱ በሰከንድ 4 ነጥብ 4 ሊትር ያህል፣ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን 0 ነጥብ 8 ሊትር ገደማ ነው። በመሆኑም የአንድ ሴንቲ ሜትር የንባብ ስሕተት በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ምዝገባው ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት የሚሸፍን ሊሆን ይገባል። በክረምት ጎርፉ ለውጡን ስለሚሸፍነው ይበልጥ አስተማማኝ የሚሆነው የበጋው ልኬት ነው። ከዝናብ መለኪያ በተጨማሪ ከማውጫው ተጽዕኖ ውጭ የሚገኝ፣ ተመሳሳይ ዓለት ያለው ምንጭ ለማነጻጸሪያ ይመረጣል። ሁለቱም ምንጮች በአንድነት ከቀነሱ ድርቁ፣ የቅርቡ ብቻ ከቀነሰ ደግሞ ማውጫው በቅድሚያ ይጠረጠራል።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የተፈቀደ ፕሮጀክት ግዴታውን መወጣቱን የመከታተል ኃላፊነት ለአካባቢ መሥሪያ ቤቶች ሰጥቷል። በጉጂ ዞን የሚገኘው የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ በግንቦት 2010 ዓ.ም በነዋሪዎች ቅሬታ ሳቢያ መታገዱ ይታወሳል። ክርክሩ በዋናነት ብክለትንና ጤናን የሚመለከት ቢሆንም፣ ቅሬታ ከተነሣ በኋላ የሚካሄድ ጥናት ቀድሞ የነበረውን ሁኔታ የሚያሳይ መረጃ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው አመላክቷል።

ክትትሉ ማውጫው ሲዘጋም አይቋረጥም። ፓምፑ ከቆመ በኋላ ጉድጓዱ በውኃ እስኪሞላ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ የነጠፈው ምንጭም ቀድሞ ባልነበረበት ሥፍራ ሊፈልቅ ይችላል።