ስግድ፦ ንባቡና ትርጓሜው

ስግድ ቤተ እስራኤል ከአስተሥርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን የሚያከብሩት በዓል ነው። ስሙ «ሰገደ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ሲሆን «ምህላ» ተብሎም ይጠራል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ዝናብ ሲጠፋ ምህላ የሚያደርስ ክርስቲያን ቃሉን ያውቀዋል።

በጎንደር፣ በተለይም በአምቦበር፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶና ጾሞ ተራራ ይወጣ ነበር። ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ አንብበው ለምእመኑ በሚገባው ቋንቋ ይተረጉማሉ። ከቀትር በኋላ ወርዶ ይበላል፤ ይዘፈናል። ከሚነበቡት ክፍሎች አንዱ መጽሐፈ ነህምያ ነው፤ በዚያም ሕጉ ለሕዝቡ ይነበባል፤ ትርጉሙም ይብራራል። ስለዚህ ሥርዓቱ የሚነበበውን ታሪክ ራሱን ይደግመዋል ማለት ይቻላል።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ተጓዙ። የእስራኤል ምክር ቤትም በ2000 ዓ.ም. ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አደረገው። ዛሬ ዋናው በዓል በኢየሩሳሌም ይከበራል፤ የግዕዙ ንባብም ቀጥሏል። እዚያ የተወለዱት ልጆች ግን አፋቸውን የፈቱት በዕብራይስጥ ነው።

እኔ እንደምረዳው አደጋ ያለው በንባቡ ላይ አይደለም፤ ንባቡ በመጽሐፍ ሰፍሯል። ትርጓሜው ግን የቃል ሀብት ነው፤ ያደረው በአረጋውያን ቄሶች አንደበት ነው። የሥነ ቃል ተመራማሪ ሊቀድም የሚገባውም ወደዚያ ነው።