ስለ አይሮፕላን ስንቅና ስለ አየር ማመላለሻ ፈቃድ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር ለጋዜጣ የተዘጋጀ)



የጥንት መንገደኛ በበቅሎ ወይም በእግሩ ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ሲነሣ፥ ስንቁን የሚሰፍረው የመንገዱን ቀን ብቻ ቈጥሮ አልነበረም። ወንዙ ሞልቶ ያገደኝ እንደሆነ፥ በቅሎዬ ያነከሰች እንደሆነ፥ ላድርበት ያሰብሁት ቤት የተዘጋ እንደሆነ ብሎ አስቀድሞ ያስብና፥ በስልቻው ከሚበቃው በላይ ጥቂት በሶ ይጨምር ነበር። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሳይበቃው ቀርቶ ስንቁ ቢያልቅበት እንኳ፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ለመለመን ይችል ነበር። አይሮፕላን ግን በሰማይ ላይ የሚያርፍበት ጥላ የለውም፤ የሚለምነውም አላፊ አግዳሚ የለም። ስለዚህ ስንቁ፥ ይኸውም ነዳጁ፥ ከመሬት ሳይነሣ በሚገባ የተሰፈረ መሆን አለበት።

የዛሬው ንግግራችን ሁለት ጥያቄዎችን ለማስረዳት የታሰበ ነው። አንደኛው፥ አንድ የመንገደኞች አይሮፕላን ምን ያህል ነዳጅ ይዞ እንዲነሣ በሕግ ይገደዳል? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ በገንዘብ ሰው ጭኖ ለመብረር ማን ይፈቅዳል? ለማንስ ይፈቀዳል? የሚል ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ፥ ቀጥሎ የምንተርከው አደጋ አንድ መሆናቸውን ያስረዳል።

ኅዳር 19 ቀን 2009 ዓ.ም. አንድ የተከራየ አይሮፕላን ከቦሊቪያ ከተማ ከሳንታ ክሩዝ ተነሥቶ ወደ ኮሎምቢያ ከተማ ወደ ሜዴሊን ይበር ነበር። በውስጡ 77 ሰዎች ነበሩ። ከነዚህም የሚበዙት ሻፔኮኤንሴ የተባለው የብራዚል የእግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾችና መሪዎች፥ ከነሱም ጋር የሚሄዱ ጋዜጠኞች ነበሩ። ቡድኑ የሚሄደው ለደቡብ አሜሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ግጥሚያ ነበር። አይሮፕላኑን ያበር የነበረው ላሚያ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ሲሆን፥ ዋናው አብራሪም ከኩባንያው ባለድርሻዎች አንዱ ነበር።

ከመነሣታቸው በፊት በተጻፈው የበረራ ወረቀት ላይ፥ ጕዞው 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ እንደሚፈጅ ተመዝግቦ ነበር። በዚያው ወረቀት ላይ፥ የተቀዳው ነዳጅ የሚበቃበት ጊዜ 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነው ተብሎ ተጽፏል። አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ሁለት ቍጥሮች እባክህ አስተያያቸው። አንዲት ደቂቃ እንኳ ትርፍ የላቸውም።

ሜዴሊን በቀረቡ ጊዜ ሌላ አይሮፕላን ነዳጅ የሚያፈስ መስሎት ቅድሚያ ጠይቆ ስለ ነበረ፥ እነሱ ተራ እየጠበቁ በአየር ላይ እንዲዞሩ ታዘዙ። በዚህ መካከል አራቱም ሞተሮች ተራ በተራ ጠፉ። አይሮፕላኑም ከማረፊያው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ተራራ ላይ ወደቀ። 71 ሰዎች ሞቱ፤ 6 ብቻ ተረፉ። ፍርስራሹ በእሳት አልተያያዘም፤ የሚነድ ነገር በጋኑ ውስጥ አልቀረም ነበርና።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል?

የዓለም መንግሥታት ስለ አየር ጕዞ አንድ ዓይነት ሥርዓት እንዲኖር በማሰብ ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ስምምነት ተፈራርመዋል። ኢትዮጵያም ከስምምነቱ አባል አገሮች አንዷ ናት። በዚሁ ስምምነት መሠረት የተቋቋመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መቀመጫው በካናዳ በሞንትሪያል ሲሆን፥ ከስምምነቱ ጋር የተያያዙት ደንቦች አባሪ እየተባሉ በቍጥር ይጠራሉ። ስለ አይሮፕላን አሠራር፥ ስለ ነዳጅና ስለ ማመላለሻ ፈቃድ የሚናገረው አባሪ 6 ነው።

በዚህ ደንብ መሠረት የመንገደኞች አይሮፕላን ነዳጅ በአንድነት አይሰፈርም፤ በየክፍሉ ይሰፈራል እንጂ። አንደኛው፥ ሞተር ተነሥቶ በመሬት ላይ እስከ መንደርደሪያው ለመሄድ የሚያስፈልገው ነው። ሁለተኛው፥ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚነደው የጕዞው ነዳጅ ነው። ሦስተኛው ላልታሰበ ነገር የሚያዝ ነው። ነፋሱ ከተገመተው ይልቅ የበረታ ወይም መንገዱ የተጠመዘዘ እንደሆነ የሚደርስ ሲሆን፥ እንደ ወትሮው የጕዞው ነዳጅ 5 ከመቶ ይሆናል። አራተኛው፥ መድረሻው በጭጋግ ወይም በሌላ ምክንያት የተዘጋ እንደሆነ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርስ ነው። አምስተኛው የመጨረሻ መጠባበቂያ ይባላል። ይህም ባለጄት አይሮፕላን ከማረፊያው በላይ በ450 ሜትር ከፍታ ለ30 ደቂቃ ሊዞርበት የሚችል ነው። ከነዚህም ሌላ ጕዞው የተለየ ጥንቃቄ የሚሻ እንደሆነ የሚጨመር፥ ደግሞም አብራሪው በራሱ ዳኝነት ይበልጥ ይሻለኛል ብሎ የሚያስጨምረው አለ።

ለምሳሌ ያህል የጕዞው ነዳጅ 20000 ኪሎ ነው እንበል። በመሬት ላይ ለመሄድ 300፥ ላልታሰበ ነገር 1000፥ ለተለዋጭ ማረፊያ 2500፥ ለመጨረሻ መጠባበቂያ 2000 ኪሎ ቢጨመርበት፥ ድምሩ 25800 ኪሎ ይሆናል። 20300ውን ብቻ ይዞ የተነሣ አብራሪ፥ ሁሉ ነገር እንዳሰበው ከሆነለት ይደርሳል። ነገር ግን ሁሉ ነገር እንዳሰቡት የሚሆንበት ቀን ምን ያህል ነው?

ምናልባት አንባቢው፥ «ይህ ሁሉ ሒሳብ ከምን ያስፈልጋል? ጋኑን ሞልቶ መነሣት አይሻልምን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ነዳጅ ራሱ ሸክም ነው የሚል ነው። በረዥም ጕዞ ላይ ከ100 ኪሎ ትርፍ ነዳጅ ውስጥ በየሰዓቱ በግምት ከ3 እስከ 4 ኪሎ የሚሆነው ያንኑ ትርፍ ለመሸከም ብቻ ይነድዳል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ አይሮፕላን ሲነሣም ሲያርፍም ሊያልፈው የማይችለው የክብደት ልክ አለው።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2334 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፍም ሞተርም ጕልበታቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ ከዝቅተኛ ስፍራ ሊያነሣ የሚችለውን ያህል ሸክም ከዚህ አያነሣም። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ለብዙ ዓመታት በአየርላንድ በደብሊን ወርዶ ነዳጅ ሲቀዳ፥ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባ የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በመንገድ ስላጠፉት ሰዓት ያጕረመርሙ ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ሰዓት በከንቱ የጠፋ አልነበረም።

የኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. መከራም ይህንኑ ያስታውሰናል። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ጠላፊዎች ያዙና ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ዋናው አብራሪ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢያስረዷቸው አላመኑም። አይሮፕላኑ አውስትራሊያ ለመድረስ የሚችል ዓይነት ነው ብለው ነበርና። የጋኑ ስፋት ሌላ፥ በጋኑ ውስጥ ያለው ሌላ መሆኑን አልተረዱም። አይሮፕላኑ ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ደሴት አጠገብ በባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125 ሞቱ፤ በአብራሪዎቹ ብልሃት 50 ነፍስ ዳነ።

መስፈር ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ መስፈሪያውም ትክክል ሊሆን ይገባል። ሐምሌ 16 ቀን 1975 ዓ.ም. አንድ የካናዳ አየር መንገድ ቦይንግ 767 22300 ኪሎ ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። የነዳጅ መለኪያው መሣሪያ ተበላሽቶ ስለ ነበረ ሠራተኞቹ በዘንግ ለክተው በጋኑ ውስጥ 7682 ሊትር አገኙ። ሊትሩን ወደ ኪሎ ሲለውጡ ግን በ0.803 ማባዛት ሲገባቸው፥ ለፓውንድ በሚሆነው በ1.77 አባዙት። ከዚህም የተነሣ 20000 ሊትር ያህል መጨመር ሲገባቸው 5000 እንኳ የማይሞላ ጨመሩ፤ ኪሎ የመሰላቸው ሁሉ ፓውንድ ነበር። በመንገድ ላይ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ አይሮፕላኑን ያለ ሞተር አንሸራትተው ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የጦር አየር ማረፊያ አወረዱት። ከ69ኙ ሰዎች አንድም አልሞተም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም።

ሦስተኛው ነገር አነጋገር ነው። ጥር 17 ቀን 1982 ዓ.ም. የኮሎምቢያ አየር መንገድ የአቪያንካ አይሮፕላን በኒውዮርክ ሰማይ ላይ ተራ እየጠበቀ ከ1 ሰዓት በላይ ዞረ። አብራሪዎቹ ነዳጃችን እያለቀ ነው፥ ቅድሚያ ስጡን ማለታቸው አልቀረም፤ ነገር ግን ሕይወት አድን መሆኑን የሚያስታውቀውን የታወቀ ቃል አልተናገሩም። በመቈጣጠሪያው የነበሩትም የችግሩን ልክ አልተረዱትም። አይሮፕላኑ ወድቆ ከ158 ሰዎች 73 ሞቱ። አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ማለታቸው ለዚህ ነው። ዛሬ ደንቡ ቃሉን ለይቶ ደንግጓል። ከዚህ በኋላ ብትዘገዩብኝ መጠባበቂያዬ ይነካል የሚል አብራሪ «ሚኒመም ፊውል» ብሎ ያስታውቃል። መጠባበቂያው እንደሚነካ በሒሳብ ያረጋገጠ አብራሪ ግን «ሜይዴይ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋግሞ «ፊውል» ይላል፤ ያን ጊዜ መንገድ ሁሉ ይለቀቅለታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ የአውቶቡስ ኩባንያ ለማቋቋም እንደማይችል፥ የአብራሪነት ፈቃድ ያለውም ሰው በዚያ ብቻ መንገደኛ በገንዘብ ለማመላለስ አይችልም። ድርጅቱ ራሱ የአየር ማመላለሻ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ይህን በአገራችን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለ ገንዘብ አቅምና ስለ ንግድ የሚጠየቀው ፈቃድ ለብቻው ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ግን ስለ ደኅንነት የሚጠየቅ ነው።

ወረቀቱን ለማግኘት አምስት ደረጃዎች ይታለፋሉ። አመልካቹ በመጀመሪያ አሳቡን ያስረዳል፤ ቀጥሎ በደንብ ያመለክታል፤ ከዚያም መጻሕፍቱና መመሪያዎቹ አንድ በአንድ ይመረመራሉ፤ በአራተኛው ደረጃ በጽሑፍ ያለውን በተግባር እንዲያሳይ ይደረጋል፤ ይህ ሁሉ ካማረ በመጨረሻ ወረቀቱ ይሰጠዋል። በምርመራው ጊዜ፥ ስለ ሁሉ የሚጠየቅ ኀላፊ ማን ነው? የበረራው፥ የጥገናው፥ የማሠልጠኛው አለቆች እነማን ናቸው? የነዳጅ አሰፋፈር ደንባችሁ በጽሑፍ የት አለ? የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ከወረቀቱ ጋርም በምን ዓይነት አይሮፕላን፥ በየትኛው አገር ላይ፥ ምን ዓይነት ሥራ እንዲሠራ እንደ ተፈቀደለት ይዘረዘራል። ወረቀቱ ርስት አይደለም፤ ባለሥልጣኑ እየተቈጣጠረ ሊያግደው ወይም ሊሠርዘው ይችላል።

እንግዲህ ላሚያ ወረቀት አልነበረውምን? ነበረው። አስቀድሞም የብራዚል ባለሥልጣን ኩባንያው ቡድኑን ከብራዚል በቀጥታ እንዲወስድ ተጠይቆ፥ የብራዚልም የኮሎምቢያም ኩባንያ ስላልሆነ ከልክሎ ነበር። ቡድኑ ግን በሌላ አይሮፕላን ቦሊቪያ ደርሶ ከዚያ በላሚያ ተሳፈረ። በመንገድ ላይ በቦጎታ ወርዶ ነዳጅ መቅዳት ሲቻል አልወረዱም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኮሎምቢያ መርማሪዎች መግለጫ፥ ነዳጁ በዓለም አቀፍ ደንብ ከሚጠየቀው ያነሰ እንደ ነበረ፥ በኩባንያውም ላይ የነበረው ቍጥጥር የላላ እንደ ነበረ አስረድቷል። የቦሊቪያ መንግሥት ወረቀቱን ያገደው ከአደጋው በኋላ ነው።

ከዚህ የምንማረው ወረቀት በግድግዳ ላይ መሰቀሉ ብቻ እንደማይበቃ ነው። የወጪው ተቈጣጣሪና የመሪው ጨባጭ አንድ ሰው በሆነበት ቦታ፥ ነዳጅ ለመቅዳት መውረድ ኪሳራ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ሕግ አውጪዎች ነገሩን ለአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ አልተዉትም። ኀላፊውን፥ አሰፋፈሩን፥ ተቈጣጣሪውን ለያይተው አቆሙ፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው «ይህ ወረቀት አይሆንም» ብሎ እንዲመልሰው ነው።

አንባብያን ሆይ፥ ለማኅበርም ሆነ ለሥራ አይሮፕላን የምትከራዩ ብትሆኑ፥ ከዋጋው በፊት የማመላለሻ የምስክር ወረቀቱን ጠይቁ፤ የምትሄዱበት አገርና የምትሳፈሩበት አይሮፕላን በዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን ተመልከቱ። ጭጋግ መጥቶ ወደ ሌላ ከተማ ብትወሰዱ፥ ወይም ነዳጅ ለመቅዳት ባላሰባችሁት ስፍራ ብታርፉ፥ ቅር ማለታችሁ የሰው ጠባይ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ የምትበሉት አብራሪው አስቀድሞ በስልቻው የጨመረላችሁን ትርፍ በሶ መሆኑን አስቡ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለው፥ በምድር ላይ የተሰፈረች የግማሽ ሰዓት ነዳጅ በሰማይ ላይ በምንም ዋጋ አትገዛም።