ዐውደ ዓመትና የመጽሐፍ አደራ

የክረምቱ ዝናም ጋብ ብሎ ጳጉሜን ስትገባ በየቤታችን ሁለት ዓይነት ሸመታ ይደራል። አንደኛው ለበዓሉ የሚሆነው ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ ቅቤውና ቄጤማው ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደ ትምህርት ቤት ለሚመለሱት ልጆች የሚገዛው ደብተርና እርሳስ ነው። በሾላ ገበያም ሆነ በገርጂና በአያት መንደሮች ወላጆች በአንድ እጃቸው ዶሮ፣ በሌላው የደብተር ጥቅል ይዘው ሲመለሱ ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ በርእሰ ዐውደ ዓመት ዕለት ስለ መጽሐፍ መነጋገር ከበዓሉ መራቅ አይሆንም ብለን እናምናለን።

እኛ ያደግነው በገርጂ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አካባቢው ገና ከእርሻና ከግጦሽ አልተላቀቀም ነበር። ከቦሌ የሚነሡት አውሮፕላኖች ከራሳችን በላይ ሲያልፉ ጨዋታችንን አቋርጠን ቀና ብለን እንመለከት ስለ ነበር፣ “ስታድግ ምን ትሆናለህ?” ተብሎ የተጠየቀ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ “አውሮፕላን አብራሪ!” የእኛም ምኞት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ይህን ምኞት ቀስ በቀስ የለወጡት ሁለት መጻሕፍት ናቸው። የመጀመሪያው ዳዊት ነው። ብዙዎቹ አንባብያን እንደሚያውቁት፣ በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል የለየ ሕፃን ፊደለ ሐዋርያን አልፎ ዳዊት ይገባል። መጽሐፉም መዝሙራቱን ብቻ ሳይሆን ጸሎተ ነቢያትን፣ መኃልየ መኃልይን፣ ውዳሴ ማርያምንና አንቀጸ ብርሃንን አጣምሮ የያዘ ነው። መዝሙራቱ ለሳምንቱ ቀናት ስለ ተከፋፈሉ፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እየተባለ ይደገማል። አባታችን ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት የዕለቱን ክፍል ያደርሱ ስለ ነበር፣ እኛ ቀኑን የምናውቀው በግድግዳ ከተሰቀለው መቍጠሪያ ሳይሆን ከእርሳቸው ድምፅ ነበር። እኛም ዳዊት በጨረስን ዕለት እናታችን ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ደፍተው ጎረቤት ጠሩ።

ሆኖም በዚያ ደስታ መካከል አንድ ኀፍረት በልባችን ነበረ። ዳዊቱን አነበብነው እንጂ አልተረዳነውም። ግእዙ በአንደበታችን ይፈስሳል፤ ምን እንዳልን ግን አናውቅም ነበር።

ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ ያደረሰን ይህ ኀፍረት ነው። በጎረቤታችን ይኖሩ የነበሩ አንድ ጡረተኛ መምህር “መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ” የተባለው ታላቅ መጽሐፍ ነበራቸው። እንዲያውሱን ብንለምናቸው፣ “መጽሐፉ ከቤቴ አይወጣም፤ አንተ ግን መግባት ትችላለህ” አሉን። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድን፣ ከዳዊቱ ያልገቡንን አምስት አምስት ቃላት እየፈለግን በደብተራችን ገለበጥን።

የመጽሐፉን ታሪክ የነገሩንም እኒሁ መምህር ናቸው። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ሲሆኑ፣ ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስረከቡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደክመውበት፣ ታትሞ ሳያዩት በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራው ወደ ደቀ መዝሙራቸው ወደ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ፤ እርሳቸውም በ1948 ዓ.ም. አሳትመው ለንባብ አበቁት። የአለቃ ደስታ የራሳቸው ድካም የሆነው “ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት” የታተመው ግን ከዚያ 14 ዓመት ቆይቶ በ1962 ዓ.ም. ነው። የመምህራቸው ቀደመ፤ የራሳቸው ተከተለ።

ይህን በሰማን ጊዜ በልጅነት አእምሯችን አንድ ነገር ተቀረጸ። ሰው ራሱ የማይፈጽመውን ሥራ ሊጀምር፣ ሌላው የጀመረውንም እንደ ራሱ አድርጎ ሊፈጽም እንደሚችል ከዚያ ቀደም አስበን አናውቅም ነበር። ለዲቁናና ለመንፈሳዊ ኮሌጅ ትምህርት ያበቃን መንገድ የተጀመረው ከዚያች የቅዳሜ ደብተር ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ አደራ ተቀባይ ሁሉ አደራ ጠባቂ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ስንዛወር፣ በመጀመሪያ ደመወዛችን የገዛነውን መዝገበ ቃላትና የአባታችንን ዳዊት ከሌሎቹ መጻሕፍት ጋር በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለን፣ የመደርደሪያ ቦታ እስኪገኝ በማለት ከአልጋ ሥር አስገባናቸው። በዚያም ሁለት ዓመት ቆዩ። የቴሌቪዥኑ ቦታ ግን በገባንበት ዕለት ተገኝቷል።

ባለፈው ጳጉሜን የስምንት ዓመት ልጃችን “አባዬ፣ ርእሰ ዐውደ ዓመት ማለት ምን ማለት ነው?” ስትል ጠየቀችን። በአንድ ቃል መልሰን ልናሰናብታት እንችል ነበር፤ ነገር ግን የእነዚያ መምህር ቤት ትዝ አለንና አፍረን ከረጢቱን ጐትተን አወጣን። ልጅቱ በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ብትፈልግ ግራ ተጋባች፤ የመጽሐፉ ተራ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ ነውና። ተራውን አሳየናት። በአልፋው አ ፈልጋ አሁንም አጣችው፤ በዓይኑ ዐ ብትፈልግ ግን አገኘችው። ዐውድ ማለት ዙሪያ፣ ክበብ ማለት ነው፤ ዖደ ማለትም ዞረ ማለት ነው። ልጅቱ ጥቂት ካሰበች በኋላ፣ “እንግዲያው ዓመቱ ዞሮ እዚያው ይመጣል ማለት ነዋ!” አለች። እኛም ያ የልጅነት ደብተራችን ዞሮ የመጣ መሰለን። በማግስቱ ከቴሌቪዥኑ ጎን አንድ ሳንቃ አስመታን።

ልጃችን ዛሬም ስታድግ አውሮፕላን አብራሪ እንደምትሆን ትናገራለች፤ እኛም አንቃወማትም። መጽሐፍ ልጅን ሁሉ ዲያቆን ወይም መምህር አያደርግም። ከእርሷ በፊት የደከሙላት እንዳሉና እርሷም ለሌላ የምታስረክበው እንዳለ ካሳወቃት ይበቃል።

ውድ አንባብያን፣ በዛሬው በዓል ቄጤማው ተጐዝጕዞ ቡናው ሲፈላ፣ በየቤታችሁ ከአልጋ ሥርም ሆነ ከሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን መጽሐፍ አውጡ፤ አቧራውን ጠርጉለት፤ ከልጆቻችሁም አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንዲት ገጽ ያንብብ። ያልገባው ቃል ቢኖር አብራችሁት ፈልጉ። ለልጁ ከአዲሱ ደብተር ጋር የሚሰጠው ስጦታ ይህ ነው።

አዲሱን ዓመት የሰላም፣ የጤናና የንባብ ዘመን ያድርግልን።