ሰውነታቸው የደከመ ሕሙማንና የሳንባ ኢንፌክሽን፦ የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ በሚገኙ የጠበል ቦታዎች ከየአጥቢያው የመጡ ሕሙማን በአንድ መጠለያ ያድራሉ። ከእነርሱም መካከል የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ የስኳር ሕመምተኞችና በምግብ እጥረት የተጎዱ ይገኛሉ። እነዚህን ወገኖች ከሌላው ይልቅ የሚያሰጋቸው የሳንባ ኢንፌክሽን ነው።

ነገሩን በጉልህ የሚያሳዩት በውጭው ዓለም ለደም ካንሰር የግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ የሚደረግላቸው ሕሙማን ናቸው። አዲሱ ሕዋስ ከመሰጠቱ በፊት የታመመው መቅኔ በብርቱ መድኃኒት ስለሚዳከም፣ ተሕዋስያንን የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳት ለሳምንታት እጅግ ያንሳሉ፤ መከላከያው በሙሉ እስኪመለስም ብዙ ወራት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ጤናማ ሰው ዘወትር እየሳበው የማይታመምበት የሻጋታ ብናኝ ሳንባቸውን ሊያጠቃ ይችላል። ስለዚህ ከሻገተ ድርቆሽና ከግንባታ አቧራ እንዲርቁ ይመከራሉ።

በእኛ አካባቢ ይህ ሕክምና ባይሰጥም ምሥጢሩ አንድ ነው። ኤች አይ ቪ መከላከያን ሲያዳክም የሳንባ ነቀርሳና ኒሞሲስቲስ የተባለው ፈንገስ ይበረታሉ።

ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። አክታና ትኩሳት በአብዛኛው ሰውነት ሲዋጋ የሚያሳያቸው ምልክቶች ናቸው፤ ተዋጊው ሲያንስ ምልክቱም ያንሳል። ስለሆነም ሳሉ ቀላል ሆኖ ሕመሙ የጸና ሊሆን ይችላል። ሌላው ሰው ሁለት ሳምንት ካሳለ ለነቀርሳ መመርመር ሲገባው፣ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰው ግን ማናቸውም ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ከታየበት ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት።

ሕሙማን መድኃኒታቸውን ደብቀው ሲውጡ ወይም ቤታቸው ትተውት ሲመጡ ታዝበናል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣረሱ በይፋ አስተምረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል።

እንግዲህ የሰበካ ጉባኤያት የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ በአክብሮት እናሳስባለን፦

1. የጉናን ብርድ ፈርተን መስኮቱን ሁሉ ዘግተን እሳት አናንድድ፤ አየር የሚተላለፍበት መስኮት ይኑር፤ እሳቱም ከመኝታው ውጭ ይሁን።
2. የሚያስል ሰው ሳይገለልና ሳይናቅ፣ ተመርምሮ እስኪታወቅ ድረስ ነፋሻ በሆነ ስፍራ ለብቻው ይደር።
3. የሻገተ ገለባ ለመኝታ አይነጠፍ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲታደስም ሕሙማን ከአቧራው ይራቁ።
4. የንስሐ አባቶች ሕሙማንን «መድኃኒትህን ይዘሃል?» ብለው በምሥጢር ይጠይቁ፤ ለጾምም ፈቃድ የሚያስፈልገውን ያሰናብቱ።
5. ምልክት የታየበትን ሰው ኮሚቴው አጅቦ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ያድርስ። የነቀርሳ ሕክምናም በነጻ ነው።

ሕመምተኛው ወደ ደጃችን የመጣው አምኖን ነውና፣ በእኛ ቸልታ እስትንፋሱ እንዳይቋረጥ እንትጋ። የድውያን ፈዋሽ አምላክ ለሁሉም ምሕረቱን ይላክ፤ አሜን።