ነፋስ የሚያደርሰው እስከ ደጃፍ ነው

የጥድና የፓይን ወገኖች አበባ የላቸውም፤ በአበባ ፈንታ ኮን አላቸው። ወንዴው ኮን ብናኝ ይበትናል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ ሴቴው ኮን ላይ ያርፋል። ብዙ ሰው ነገሩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል፤ ደስ የሚለው ክፍል ግን ገና አልተጀመረም።

በሴቴው ኮን ቅርፊቶች መካከል ኦቭዩሉ፣ ማለትም ገና ያልጸነሰው ዘር፣ ተቀምጧል። ጫፉ ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለችው። በብዙዎቹ ዝርያዎች በዚች ቀዳዳ አንዲት ጠብታ ብቅ ትላለች፤ ስኳር፣ አሚኖ አሲድና ፕሮቲን አለባት። ብናኙ ያርፍባታል፣ ወደ ውስጥ ስትመለስ ይዛው ትገባለች። የፈረንጅ ጥድ አጥር ያለው ሰው ወቅቱን ጠብቆ፣ ማለዳ አጉሊ መነጽር ይዞ ቢወጣ ያያታል። አንድ ወዳጄን ሳሳየው «ጤዛ ነው» ብሎ በጣቱ ሊጠርጋት ሲል እጁን መታሁት።

አሁን ወደ ብናኙ «ክንፍ» ልምጣ። የፓይን ብናኝ ግራና ቀኝ ሁለት አየር የያዙ ከረጢቶች አሉት፤ እነዚህን «የመብረሪያ ክንፍ» ማለት የተለመደ ነው። መብረርን ፈጽሞ አያግዙም አልልም፤ ብናኙ ቶሎ ወደ መሬት እንዳይወርድ ያዘገዩታል። ግን ለነፋስ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ የአበሻ ጥድስ በምን ይበር ነበር? ብናኙ ከረጢት የለውም፤ ነፋሱ ግን ያው ነፋስ ነው። ልዩነቱ ያለው ከኦቭዩሉ ደጃፍ ላይ ነው። የፓይን ኦቭዩል ቀዳዳ ወደ ታች ያያል፤ ስለዚህ ጠብታዋ ላይ ያረፈ ብናኝ በኦቭዩሉ ውስጥ ወዳለው እንቁላል ለመቅረብ ሽቅብ መሄድ አለበት። ከረጢቶቹ በጠብታዋ ውስጥ ወደ ላይ ያንሳፍፉታል። ከረጢት የሌለው ባዕድ ብናኝና የፈንገስ ዘር ግን ይህ ዕድል የላቸውም፤ ጠብታዋ ወንፊት ሆነች ማለት ነው። የካውካሰሱ ስፕሩስ የተባለው ዛፍ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል፦ ብናኙ ከረጢት አለው፣ ኮኑ ግን ተዘቅዝቆ የኦቭዩሉ ቀዳዳ ወደ ላይ ያያል። ታዲያ ከረጢቶቹ ውሃ ያስገባሉ፤ ብናኙ ይሰምጣል። ሰምጦም የሚገባው ቦታ ይደርሳል!

ዳግላስ ፈር በተባለው የሰሜን አሜሪካ ዛፍ መጀመሪያ ላይ ጠብታም የለች፤ ብናኙን የሚይዙት በቀዳዳው ዙሪያ ያሉ ተጣባቂ ጸጉሮች ናቸው፤ ኋላ ወደ ውስጥ ታጥፈው ይዘውት ይገባሉ።

ብናኙ ገባ ማለት ደግሞ ዘሩ ጸነሰ ማለት አይደለም። በፓይን ከብናኙ መግባት እስከ ጽንሱ አንድ ዓመት ያህል ያልፋል፤ የብናኙ ቱቦ ጥቂት አድጎ ይቆማል፣ በሚቀጥለው ወቅት እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ በአንድ ዛፍ ላይ ትልቁ ኮን ሲበስል፣ ትንሹ ገና እየጠበቀ ነው። ይህን የማያይ ዘር ለቃሚ ቅርንጫፉን እንዳለ ቆርጦ ሁለቱንም ያወርዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት መጥቶም «ዘንድሮ ዛፉ አላፈራም» ይላል።