ለሁለት የተከፈለው ኪቦርድና የግራ እጅ ዕዳ

ንፋስ መውጫ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ባለች ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ከተቀመጥኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ማመልከቻ፣ ክስ፣ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰርግ ጥሪ፣ ምን የማልጽፈው አለ? ደንበኛ ሲገባ ግን መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እኔ ላይ ሳይሆን ኪቦርዴ ላይ ነው። «ምን አጣመመው? ፀሐይ መታው እንዴ?» ይለኛል አንዱ። ሌላው «ሰው ተቀምጦበት ነው» ብሎ ራሱ ይመልሳል። አንድ የቢሮ ሠራተኛማ ከልቡ አዝኖ «እኛ ጋ ከአገልግሎት የወጣ ኪቦርድ ሞልቷል፣ አንዱን ላምጣልህ» ብሎኛል። እንዲህ የሚታዘንለት ዕቃ ቤቴ ውስጥ ካለው ሁሉ የምሳሳለት ነው። ፕሪንተሩን ለማንም አበድራለሁ፤ እሱን አላበድርም።

ነገሩ ረጅም ማብራሪያ አይፈልግም። ተራው ኪቦርድ እንደ ጣውላ ቀጥ ያለ ነው። ክንዳችን ግን ከትከሻችን ወደ ደረታችን የሚመጣው በሰያፍ ነው። ጣቶቻችን ቀጥ ባለው ረድፍ ላይ እንዲሰለፉ ከፈለግን እጃችንን ከአንጓው ላይ ወደ ውጭ መስበር ግድ ይለናል። የተከፈለው ኪቦርድ ቁልፎቹን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ወደ ግራ፣ ግማሹን ወደ ቀኝ ያዘነብላቸዋል፤ መሀሉንም እንደ ጎጆ ክዳን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። አንጓ ሳይሰበር ከክንድ ጋር ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ይኸው ነው። ሐሳቡም የትናንት አይደለም፤ ክሎከንበርግ የሚባል ጀርመናዊ የጽሕፈት መኪና ቁልፎች ለሁለት ይከፈሉ ብሎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1926 ነበር። በየሱቁ እንዲታወቅ ያደረገው ግን ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ኪቦርድ ነው።

እኔ ጋ የደረሰው አሜሪካ ካለች የአክስቴ ልጅ ነው። ግራ እጄ ሌሊት እየደነዘዘ ሲያስነሳኝ አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ «ብርድ ነው፣ ቅባት ተቀባ» ተብዬ ተመልሼ ነበር። ከተማችን ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ስሟም ንፋስ መውጫ ስለሆነች ብርድ ማለት የማይወቀስ ምክንያት ነው። ቅባቱን ተቀባሁ፤ እጄ መደንዘዙን ቀጠለ። የአክስቴ ልጅ በስልክ ሰምታኝ በመንገደኛ ላከችልኝ።

የመጀመሪያውን ወር አልዋሽም፣ ረገምኳት። ፍጥነቴ በግማሽ ወረደ። ብዙ ሰው ይህ ኪቦርድ ቶሎ ያስጽፋል ብሎ ያስባል፤ አያስጽፍም። በተለይ በሁለት ጣት የሚለቅም ሰው ምንም አያተርፍበትም። ዓይኑ ከአንዱ ግማሽ ወደ ሌላው ሲንከራተት ይውላል። ኪቦርዱ የተሠራው ሳያይ በአሥር ጣት ለሚጽፍ ሰው ነው፤ የሚሰጠውም ፍጥነት ሳይሆን ዕረፍት ነው። ዕረፍቱም ቢሆን ቶሎ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እጃቸውን የሚያማቸው 80 የኮምፒዩተር ሠራተኞችን ለስድስት ወር ተከታትሎ፣ የማይክሮሶፍቱን የተከፈለ ኪቦርድ የያዙት ሕመማቸው እንደቀነሰ አግኝቷል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ለሁለት ቀን ብቻ የተደረገ ሌላ ፍተሻ ግን ከተራው ጋር የጎላ ልዩነት አላየም። በሁለት ቀን ምን ሊታይ? እኔ በሁለተኛው ቀን በመስኮት ልወረውረው ነበር።

በአራተኛው ወር አንጓዬ ዳነ። ሌሊት መነሳቱ ቀረ። የግራ ክንዴ ግን፣ በተለይ የመሀል ጣቴን የሚያንቀሳቅሰው ጅማት፣ እንደታመመ ቀረ። ቀኝ እጄ ደህና ነው። ሁለቱም እጆች አንድ ኪቦርድ ላይ፣ አንድ ወንበር ላይ እየዋሉ ለምን ግራው ብቻ? ይህን ጥያቄ ይዤ አንድ መብራት የጠፋበት ከሰዓት በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ ቆጠራ ጀመርኩ። ከዚህ በኋላ ያለው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ፣ እስካሁን ማንም ሲያወራው አልሰማሁም።

ብዙዎቻችን የምንጽፍበት አማርኛ በላቲን ድምፅ የሚመታው ነው። ሳድሱ በአንድ ቁልፍ ይወጣል፤ ሌላው ሁሉ ሁለት ምት ይፈልጋል። ግዕዙን ለማውጣት ከላይኛው የፊደል ረድፍ ከግራ ሦስተኛውን ቁልፍ እንጨምራለን። ይህን «የግዕዝ ቁልፍ» ልበለው። ራብዑን የሚያወጣው ደግሞ በግራ ትንሿ ጣት ሥር ያለው ነው። ሁለቱም በግራ እጅ ናቸው። ካዕቡ፣ ሣልሱና ሳብዑ በቀኝ ናቸው። እስቲ «ሎሚ» ብላችሁ ጻፉ፤ አራቱም ምት በቀኝ ነው። «ሁሉ» እና «ሙሉ»ም እንደዚያው። አሁን «ተሰበረ» በሉ። አራት ፊደል ነው፣ ስምንት ምት፤ ስምንቱም በግራ፣ ከስምንቱ አራቱ በአንዲት የመሀል ጣት። ቀኝ እጅ እያየ ነው።

ይህ የአንድ ቃል ዕጣ ቢሆን ኖሮ አልቆጥርም ነበር። የአማርኛ ኀላፊ ግሥ ግን ባሕርዩ ግዕዝ በግዕዝ ነው፤ ሰረቀ፣ ሰበረ፣ ወሰደ፣ ቀረበ፣ ደበደበ። እነዚህ አምስቱ ሙሉ በሙሉ የግራ እጅ ቃላት ናቸው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምጽፈው ክስ ነው! ጎረቤት በሬ ሰረቀ፣ አጥር ሰበረ፣ እህል ወሰደ፣ ደበደበ እያልኩ ስውል፣ ከሳሽ እያለ እጁ የተበደለው እኔ ነኝ። ከላይ የዞናችንን ከተማ ስም ስጨምርበት ደግሞ፣ «ደብረ ታቦር» 10 ምት ነው፤ 9ኙ በግራ። ቀኝ እጅ «ቦ» ላይ አንዴ ብቅ ብሎ ይመለሳል። «ቤተ ልሔም» ትንሽ ትራራለች፤ ከ8 ምት ሦስቱ በቀኝ ናቸው። ግን ሦስት ጊዜ ሺፍት ተይዞ የሚመታ ስላለባት እሷም በነፃ አትሰጥም።

ስለ ሺፍት ካነሣሁ ልቆጣ። በእኛ አገር ጸሐፊው ሁሉ፣ ቀድሞ እኔም ጭምር፣ የምናውቀው ግራውን ሺፍት ብቻ ነው። ቀኙ ለጌጥ የተቀመጠ ይመስለናል። ጠ፣ ጸ፣ ጨ፣ ዠ እና ኃምሱ ሁሉ በግራ እጅ ያሉ ቁልፎች ናቸው። እነዚህን በግራ ትንሿ ጣት ሺፍት ይዞ በዚያው እጅ መምታት አንዱን እጅ እንደ ሸረሪት መዘርጋት ነው። በግራ ላለ ፊደል ቀኙን ሺፍት፣ በቀኝ ላለ (ኘ፣ ኸ፣ ሐ፣ ጰ) ግራውን ያዙ። ነፃ ነው፣ አዲስ ዕቃ አያስገዛም፤ ለእኔ ከተከፈለው ኪቦርድ ያላነሰ እፎይታ የሰጠኝ ይህ ነው።

ሌላም አለ። ኪቦርዱ የተሰነጠቀበት መሀል ላይ፣ በስንጥቁ ግራ ዳር «በ»፣ በቀኝ ዳር «የ» ተቀምጠዋል። አማርኛ ያለ «በ» እና ያለ «የ» አንድ መስመር አይራመድም። ሳላይ እጽፋለሁ ባዩ ብዙ ሰው በተራው ኪቦርድ ላይ «በ»ን በቀኝ ሌባ ጣቱ ይሰርቃታል፤ አይታወቅበትም። እዚህ ላይ ግን ጣቱ ባዶ ፕላስቲክ መትቶ ይመለሳል። ጠዋት ጠዋት የምትረዳኝ ልጅ ለሁለት ሳምንት «ብር» ለማለት «ር»፣ «ልብስ» ለማለት «ልስ» ስትጽፍ ቆይታ «ጋሼ፣ ይኼ ኪቦርድ በ የለውም» አለችኝ። በ ነበረው፤ ጣቷ ነበር ያልነበረው።

እንግዲህ ኪቦርዱ የአንጓን ማዕዘን ያስተካክላል እንጂ ሸክሙን አያከፋፍልም። የቁልፎቹ አቀማመጥ ያው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ አሜሪካኖቹ ለእንግሊዝኛ የደረደሩት ነው። ሰባቱን ቤት በቁልፍ ላይ ለማስፈር መጀመሪያ የተጨነቀልን ኢንጂነር አያና ብሩ ነበር፤ 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ስለሚሆን፣ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ላይ የፊደሉ አካልና ቅጥያው ተለያይተው እንዲመቱ ሆነ። የሁለት ምት ጣጣችን የጀመረው ከኮምፒዩተር በፊት ነው ማለት ነው።

ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም። ሰፊ ነው፤ ጠባብ ጠረጴዛዬን ግማሹን ይዞታል። ቁጥሮቹ በስተቀኝ ስለሚረዝሙ ማውሱ ሩቅ ነው፣ የቀኝ ትከሻዬ አሁን አሁን ያጉረመርማል። በከተማችን ተፈልጎ አይገኝም፤ ቢበላሽ የሚጠግነው የለም። የአማርኛ ስቲከሩ ለቀጥ ያለው ቁልፍ ስለተቆረጠ መሀሉ ላይ ያሉት ትላልቅ ቁልፎች ላይ አይገጥምም። መብራት ጠፍቶ ጎረቤት ሱቅ ካለ ጄኔሬተር ጋር የምሠራ ቀን ተራው ኪቦርድ ላይ ስቀመጥ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል ጀማሪ እሆናለሁ።

ተራውን ለምትጠቀሙ አንድ ነገር። ከኪቦርዱ በስተኋላ ሥር ያሉትን ሁለት ታጣፊ እግሮች እጠፏቸው። አዲስ ኪቦርድ የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው እነሱን ማቆም ነው፤ ያማረ ይመስለዋል። እግሮቹ ሲቆሙ እጅ ከአንጓው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ጥሩዎቹ የተከፈሉ ኪቦርዶች እንዲያውም በተቃራኒው ከፊት ለፊት ከፍ ይላሉ። ከፊት ያለው ለስላሳ መደገፊያም ሲያርፉ መዳፍ የሚጣልበት እንጂ እየጻፉ የሚተኙበት አይደለም።

ባለፈው ክረምት ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ አንድ የኔታ መጡ። ቤተ ልሔም፣ እዚሁ ጋይንት፣ ለድጓ ሊቅ የመጨረሻዋ ማስመስከሪያ ናት። የኔታ ለተማሪዎቻቸው አንድ ገጽ ከነምልክቱ እንድጽፍላቸው ፈልገው ነበር። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት እያሉ አሥሩ የዜማ ምልክቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኒኮድ ውስጥ ገብተዋል። ችግሩ እንደ ፊደል ተራ ይዘው ይቀመጣሉ እንጂ ከፊደሉ ራስ ላይ አይወጡም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መስመር በላይ ሌላ መስመር ከፍቼ ምልክቱንም ደቃቃውን የምልክት ፊደልም በባዶ ቦታ እየገፋሁ ከቃሉ አናት ላይ ማድረስ ነበረብኝ። አንድ ገጽ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀ።

የኔታ ከጎኔ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩ። ብራና ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጽፈው የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ጠረጴዛ የለ፣ መደገፊያ የለ።

«ልጄ፣ ይኼ ለምን ተሰነጠቀ?»

«እጅ እንዳያም ነው፣ የኔታ።»

ትንሽ አሰቡና «ይሁን፤ ብዕርም ጫፉ ካልተሰነጠቀ ቀለም አያወርድም» አሉኝ። ከዚያ እጄን አይተው «ግን ለምን በአንድ እጅህ ብቻ ትጽፋለህ?» ሲሉ ደነገጥኩ። እኔ 11 ዓመት የፈጀብኝን እሳቸው በአንድ ከሰዓት አዩት። የዚያን ቀን አውራ ጣቶቼን አስተዋልኳቸው። ከሁሉ የጠነከሩት ሁለቱ ጣቶች ቀኑን ሙሉ ባዶ ቦታ ሲገፉ ይውላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሊሊያን ሞልት የምትባል የጽሕፈት መምህርት ማልትሮን የተባለውን የተከፈለ ኪቦርድ ስትነድፍ፣ እንግሊዝኛ አብዝቶ የሚመታውን ቁልፍ ከመሀል ጣት አንሥታ ለግራ አውራ ጣት ሰጥታዋለች። ያ ቁልፍ የእኛው የግዕዝ ቁልፍ ነው። የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆች፣ ለአውራ ጣት ቁልፍ ያላቸው የተከፈሉ ኪቦርዶች ዛሬ በገበያ አሉ፤ አቀማመጡ ግን ከእናንተ እጅ ነው። ግዕዙን ለአውራ ጣት ስጡልን። ለመሞከር ፈቃደኛ ሰው ከፈለጋችሁ ንፋስ መውጫ፣ አውራ ጎዳናው ዳር፣ የተጣመመ ኪቦርድ ያለበት ቤት ብላችሁ ጠይቁ።