ስም ዝርዝር የሌለው ክበብ

ባለፈው ሳምንት ማታ፣ መብራት ጠፍቶ ጋቢዬን ተከናንቤ ቁጭ ባልኩበት፣ በውስጥ መስመር አንድ መልእክት ገባልኝ። «ቲቸር፣ እንደኔ ላሉ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ክበብ ማቋቋም ይቻላል? ውጭ አገር እንዳለ አንብቤያለሁ።» «እንደኔ» ያለውን ቀጥሎ ጽፎታል፤ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው። ደባርቅ ይሁን ዳባት፣ ስንተኛ ክፍል ይሁን አልናገርም። ወንድ አድርጌ የምጽፈውም አማርኛ አንዱን ምረጥ ስለሚለኝ ብቻ ነው። ይህ የቴሌግራም ቻናል ለምን የባለቤቱ ስም እንደሌለውም ይገባችኋል።

አይቻልም። አትሞክረው።

ክበብ እንዴት እንደሚቋቋም አውቃለሁ፤ በየዓመቱ የምሠራው ነው። መስከረም መጨረሻ ተጠሪ መምህር ይመደባል፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ ይመረጣል፣ ዕቅድ ይጻፋል። ከዚያ ወረቀት ይሰመራል፤ ተራ ቁጥር፣ ስም እስከ አያት፣ ክፍል፣ ፊርማ። አንዱ ቅጂ ለርዕሰ መምህሩ፣ አንዱ ለተጠሪው፣ አንዳንዴ አንዱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ። ለሚኒ ሚዲያና ለቀይ መስቀል ልጆች ያ ወረቀት ኩራት ነው። ላንተ ግን አደጋው ራሱ ወረቀቱ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 629፣ ግብረ ሰዶም ብሎ የሚጠራውን ድርጊት በቀላል እስራት ያስቀጣል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ እንደየሁኔታው ቅጣቱን ያከብደዋል። ልብ በል፣ የሚያወራው ስለ ድርጊት ነው። በልብ ያለ ስሜት ወይም ለጓደኛ የተነገረ ምስጢር ወንጀል ነው አይልም። መንገድ ላይ ግን አንቀጽ ገልጦ የሚለይልህ የለም። በ2015 ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች በዚሁ ጉዳይ ሲፈተሹ፣ ቲክቶክ ላይ ደግሞ የሰው ስምና ፎቶ እየተለጠፈ ዛቻ ሲወርድ ከርሟል። እዚያ ቢያንስ ሰፈር ይቀየራል። እዚህ ሊማሊሞን ብትወርድም የአጎትህ ልጅ ይጠብቅሃል።

ያነበብከው የውጭው ታሪክም አልጋ በአልጋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኮንኮርድ አካዳሚ ውስጥ አንዲት ተማሪ የታሪክ መምህሯን ኬቪን ጄኒንግስን «ክበብ እናቋቁም» አለችው። ልጅቷ ራሷ ሌዝቢያን አልነበረችም፤ እናቷ ነበሩ። ስለዚህ ክበቡ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና የሌሎቹ ጥምረት ተባለ። ብልሃቱ የሚገርመኝ ለዚህ ነው፤ በሩን አልፎ የገባውን ሁሉ ማን ምን እንደሆነ መለየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1996 ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ተማሪዎች እንዲሁ ሲጠይቁ፣ የትምህርት ቦርዱ አንዱን ላለመፍቀድ ብሎ ከትምህርት ጋር ያልተያያዙ ክበቦችን በሙሉ ከለከለ። ከኛ አገር ሰዎች እነ ፋሪስ ኩቺ ገዛኸኝና ባሕሩ ሸዋዬ «ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ» የተባለ ድርጅት አቋቁመው እንዳንተ ላሉ ሰዎች መብት ይሟገታሉ፤ ግን ከአገር ውጭ ሆነው። አገር ውስጥ ያሉት እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ፤ ቃሉ ማንም ሰምቶ የማይነቃው ስለሆነ ይመስለኛል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ስም ስለማይጠይቅ በር የተማርኩት ከሴት ተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ነው። የሥርዓተ ጾታ ክበብ ለወር አበባ ጊዜ ያዘጋጀው ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ ንጽሕና መጠበቂያ የሞላ ካርቶን። መጀመሪያ የገባች ሁሉ እንድትፈርም በሩ ላይ መዝገብ አስቀመጥን። ካርቶኑ ለሳምንታት እንደሞላ ቀረ። መዝገቡን ስናነሣው መጉደል ጀመረ።

አሁን ስለ ራሴ። ከዓመታት በፊት አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ፤ አነጋገሩንም አረማመዱንም እያስመሰሉ የሚስቁበት። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ከሦስት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። እሑድ እሑድ የሳምንት ስንቁን፣ ድርቆሽና ቆሎውን፣ ተሸክሞ ይገባል። አንድ ጠዋት «ሴታሴት» የሚል ቃል ከስሙ ጋር ሰሌዳው ላይ ተጽፎ አገኘሁ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ ብዬ ዳስተሩን አነሣሁና አጠፋሁት፤ ትምህርቱን ቀጠልኩ። ከገና በኋላ ልጁ አልተመለሰም። እንዳንተ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገኝም ነበር። ያን ሳቅ ለማስቆም ክበብም ፈቃድም አያሻም፣ የሚከለክል አንቀጽም የለም። መምህራን ሆይ፣ በእምነታችሁ ስለዚህ ጉዳይ የፈለጋችሁትን አስቡ፤ ሰሌዳው ላይ የልጅ ስም ተጽፎ ስታዩ ግን ከዳስተሩ በፊት ክፍሉን ዝም አሰኙ።

ላንተ ደግሞ፦ አሥር ሰው አትፈልግ። የምታምነውን አንድ ሰው ፈልግ፣ ስታገኘውም በአካል አውራው። ስልክህ ሲበራ አብረውህ የሚያድሩት ያነቡታል። «እኔም እንዳንተ ነኝ፣ ፎቶ ላክልኝ» የሚል የማታውቀው ሰው ቢመጣ አትመልስለት፤ ፎቶው በማግስቱ ገንዘብ መጠየቂያ ይሆናል። ማውራት ካቃተህ ምሳ ሰዓት የሚኒ ሚዲያው ክፍል አይቆለፍም። ካሴት የሚያስተካክሉ፣ ግጥም የሚለማመዱ፣ ዝም ብለው የሚቀመጡም አሉ፤ ለምን መጣህ የሚል የለም።

የላክልኝን መልእክት አጥፍቼዋለሁ። ቴሌግራም «ለሁለቱም አጥፋ» የሚል ምርጫ ስላለው ካንተም ስልክ ጠፍቷል፤ ግን ስክሪንሾት አንሥተህ ከሆነ እሱንም ደምስሰው።